የኤልፍነሽ ሎሚ

ኤልፍነሽ ቂመኛ ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷን ብትጠይቋት ሳታፍር ትነግራችኋለች። ቶሮንቶ ውስጥ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ስንኖር ሦስት ነበርን፦ እሷ፣ እኔና ቂሟ። ጠዋት ሻይ ስታፈላ አብሯት ይነሳል። ፊንች ላይ ባስ ስትጠብቅ አብሯት ይቆማል። ቸርች ውስጥ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ ስትዘምር እንኳ አጠገቧ ወንበር ይዞ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። እኔ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ የበደለኝ ሰው ሠርግ ላይ እልል ብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል፤ እንዲያውም ትንሽ ሳይጋባብኝ አልቀረም።

የመጣችው ከሆሳዕና ነው። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ለሠርግ የሚታረደው ዶሮ ሁሉ በእሷ እጅ ነበር የሚያልፈው። ወንድሟ ስፖንሰር አድርጓት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ቶሮንቶ ስትገባ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወደ አልበርታ ሄደና እሷ በቸርች ሰዎች በኩል እኔ ጋ ገባች። በገባች በሁለተኛው ቅዳሜ ዶሮ ሠራች። እኔ የዚህ አገር ዶሮ ሽታው አስጠልቶኝ ከተውኩት ቆይቼ ነበር፤ የእሷ ዶሮ ግን ሽታ የሚባል ነገር አልነበረውም። በሎሚና በጨው እያሸች፣ በየብልቱ እየገባች፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ሰባት ስምንት ጊዜ ታጥበዋለች። ቸርች ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለፕሮግራም ዶሮ ሲታሰብ «እህት ኤልፍነሽ ትጠበው» ይባላል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እሷን ያረዷት በዚሁ ነው።

ሥራ ያስገባት የቸርቻችን ሰው ወንድም ዘመድኩን ነው። አዎ፣ ውለታ ነው፤ አልክድም። ዘመድኩን ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ያንግ ስትሪት ላይ የባሕርና የወንዝ ምግብ የሚሸጥ ሬስቶራንት የኪችን ኃላፊ ነበር። ቸርች ውስጥ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግድ፣ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስለቆየ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። ኤልፍነሽ ያኔ «ሃሎ»፣ «ሶሪ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነበር የምታውቀው። እሱን «እርስዎ» ነው የምትለው።

ሥራዋ ክሮፊሽ ማጠብ ነበር። ክሮፊሽ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ጊንጥ ነው። ጊንጥ አይደለም ይሏችኋል፣ አትመኑ። ጭቃ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ጣት የሚያህል፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት መቆንጠጫ ያለው ፍጥረት ነው። ከአሜሪካ፣ ከሉዊዚያና በመረብ ጆንያ ታጭቆ በአውሮፕላን ይመጣል። ሰዉ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ቀቅሎ፣ ጭራውን ሰብሮ ሥጋውን ይበላል፤ ጭንቅላቱንም ይመጠምጠዋል። ግን ድስት እስኪገባ በሕይወት መኖር አለበት። ቀድሞ የሞተ ከሆነ ወዲያው ይበላሻል፣ ሰው ያሳምማል። ስለዚህ የአጣቢዋ ሥራ ሁለት ነው፦ ጭቃውን ማስለቀቅና የሞተውን ለቅሞ መጣል።

መጀመሪያ ቀን ጮኻ ከኪችን ወጥታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በሁለት ጣቷ ከመቆንጠጫው ኋላ ጀርባውን ይዛ ታነሳው ጀመር። ያልለመደችው ሽታውን ብቻ ነው። አንድ ቀን ባስ ላይ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ይዛ ከአጠገቧ ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ኤልፍነሽ ሥራ ስትጨርስ አንድ ሎሚ ለሁለት ትቆርጥና እጇን እስከ ክርኗ ታሸዋለች። የተጨመቀውን ቅርፊት ሲንኩ ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሎሚው ለእጇ ነበር፤ ለሌላ ለምንም አልነበረም።

በ2011 ግንቦት ውስጥ አንድ ዓርብ ትልቅ ግብዣ ተይዞ ስድስት ጆንያ ክሮፊሽ መጣ። ጠዋት ዘመድኩን እጁን ኪሱ ከትቶ ገንዳው አጠገብ ቆመ።

«ኤልፍነሽ፣ ዛሬ ጨው እናድርግባቸው። ጨው ሲቀምሱ ሆዳቸው ያለውን ጭቃ ይተፉታል። ውሃ ሙዪና ጨው ነስንሺበት፣ ክዳኑን ግጠሚው። ከሰዓት እንቀቅለዋለን።»

«አይጎዳቸውም ወይ?»

«እኔ ነኝ የምልሽ!»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ።»

አንዱን ከረጢት ጨው እሷ ነሰነሰች። ሁለተኛውን «አነሰ» ብሎ ራሱ ገለበጠው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክዳኑን ሲከፍቱት ገንዳው ጭጭ ብሏል። ሕይወት ያለው ክሮፊሽ እርስ በርሱ ሲተሻሽ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ያን ቀን ኮሽ የሚል ነገር አልነበረም። ስድስቱም ጆንያ አልቋል።

ባለቤቲቱ ሚስስ ትራን ሮጣ መጣች። ኤልፍነሽ ዘመድኩንን እጅጌውን ይዛ «ይንገሩልኝ፣» አለችው። «ጨው አድርጊ ብለውኝ ነው። በራሴ እንዳላደረግኩት ይንገሩልኝ።» እሱም «እሺ፣ አይዞሽ፣ እነግራታለሁ» አላትና ዞሮ ረጅም እንግሊዝኛ ተናገረ። ኤልፍነሽ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዘችው አንዲት ቃል ነበር፦ «ሌመን»። ዘመድኩን በጣቱ ወደ ሲንኩ አሳየ። ሚስስ ትራን ከትናንት የቀረውን የሎሚ ቅርፊት አነሳች፣ አሸተተችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኤልፍነሽን ሽርጥሽን አውልቂ አለቻት።

«ሎሚ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» እያለች ነው ባስ ላይ የወጣችው። ባሱ ኪል ስትሪት ሲደርስ ገባት። ሰውዬው «በአገሯ ዶሮ እንደሚታጠበው በሎሚ ዘፈዘፈችው፣ እኔ አላየሁም» ብሎ ነበር የተረጎመላት። የራሷን አቤቱታ ከራሷ አፍ ተቀብሎ መልሶ በራሷ ላይ መሰከረባት።

በዚህ ቢበቃው እንኳ አንድ ነገር ነው። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ዘመድኩን ክብ ሠርቶ ሲያወራ ሰማሁት። «እህታችን ኤልፍነሽ ዶሮ መስሏት በሎሚ አጥባ ስድስት ጆንያ ፈጀችልኝ!» ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁሉም ዶሮ ስታጥብ አይቷታላ! ነገሩ ልክ እሷን ይመስላል። እውነት የሚመስል ውሸት እንደሚያስቅ ሌላ ምን ያስቃል? እኔም ስቄያለሁ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ፤ ሻዩ በአፍንጫዬ እስኪወጣ ስቄያለሁ። ዞር ስል ኤልፍነሽ ከኋላዬ ቆማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቸርቹ ስሟ «እህት ሎሚ» ሆነ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። ዶሮ ትጠበው የሚላትም ጠፋ።

«ይህን ሰው» አለችኝ ያን ቀን ማታ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «በሰው ፊት፣ በራሱ አፍ፣ ጨው ነው አሰኘዋለሁ። እስከዚያ አልሞትም።»

ሦስት ወር ሥራ አጥታ ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ዌስተን ሮድ አካባቢ ያለ የዓሣ ማከፋፈያ ውስጥ ወለል ማጠብ ጀመረች። እዚያ ሕይወት ያለውን ክፍል የሚያስተዳድር ጆዜ የሚባል ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ ነበር። የክሮፊሽ ወቅት ሲደርስ ኤልፍነሽ መጥረጊያዋን ይዛ ከጆዜ ኋላ ኋላ ትል ጀመር። ሰውዬው በምልክት፣ እሷ በዓይኗ፣ እንዲህ ነው የተማማሩት።

ጆንያውን መጣል የለም፤ ቀስ አድርገህ ታዞረዋለህ። ከሥር ያለው ተጨፍልቆ ይሞታላ። ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ እየፈሰሰ፣ በእንጨት መቅዘፊያ ገልበጥ ገልበጥ ታደርገዋለህ። ውሃው መጀመሪያ ቡና ይመስላል። ታፈሰዋለህ፣ እንደገና ትሞላለህ፣ እንደገና ታፈሰዋለህ። ሣሩን፣ ጠጠሩን፣ የማጥመጃ ዓሣ ቁርጥራጩን ትለቅማለህ። የተዝለፈለፈውን፣ ቢነኩት መቆንጠጫውን የማያነሳውን ትጥላለህ። በቆመ ውሃ ውስጥ አታሳድረውም፤ ይታፈናል። እርጥብ ጆንያ አልብሰህ ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጠዋለህ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ውሃ። ኤልፍነሽ ይህን ስታይ ሳቀች፤ ከሎሚው በቀር የእሷው የዶሮ አጠባ ነው።

«ጨውስ?» ብላ በእጇ የመነስነስ ምልክት አሳየችው። ጆዜ ደንግጦ እጇን ያዛት፣ በጣቱ አንገቱን ቆረጥ አደረገ።

ያን ቀን ወደ ቤት የገባችው በሩጫ ነው። «ሃሌሉያ! ጨው ነው! ጨው ነው የገደላቸው!» አለችኝ ጃኬቷን ሳታወልቅ። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ «አሁንማ ምን ያደርጋል፣ አለፈ እኮ» አልኳት። ያኔ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አንቺም ስቀሻል» አለችኝና ክፍሏ ገባች። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ሲገባኝ በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እኔን ይቅር አለችኝ። ስለ ሳቅሁ ሳይሆን ስለ ጠየቅሁ ነው ይቅር ያለችኝ።

እሱም «ይጠይቅ» ነበር፤ ጉዱ ይህ ነው። በየወሩ የጌታ ራት ከመወሰዱ በፊት የተቀያየመ ይታረቅ ይባላል። ዘመድኩን ሁልጊዜ ሱፉን አስተካክሎ ይመጣና እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እህቴ፣ ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ» ይላታል። ሳላውቅ! ካለ! እሷ ጥርሷን ነክሳ «ምንም የለም፣ ወንድም ዘመድኩን» ትላለች፤ ከዚያ ጽዋው ሲደርስ ሳትጠጣ ታሳልፋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የጌታን ራት ሳትወስድ ኖረች። ፓስተር ባህሩ አንድ ቀን ጠርተው «ልጄ፣ ምን ይዞሻል?» ሲሏት «ጨው፣ አባቴ» ብላቸው ወጣች። እሳቸው አልገባቸውም።

ዓመታት አለፉ። ጆዜ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ቦታውን ለእሷ አስረከበ። እንግሊዝኛዋ ሰባራ ቢሆንም ሕይወት ባለው ነገር ጉዳይ ግን ማንም አፏን አይዘጋትም። ክሮፊሽ ለሚገዛ ሰው ሁሉ፣ ቻይናዊ ይሁን ጃማይካዊ፣ ጣቷን ቀስራ «ኖ ሶልት! ኖ ስታንዲንግ ዋተር!»፣ ጨው የለም፣ የቆመ ውሃ የለም ትለዋለች። ይኸው በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀትም ከእያንዳንዱ ጆንያ ጋር ትሰጣለች።

በ2017 ሚያዝያ ላይ ዘመድኩን ፓርክዴል ውስጥ የራሱን ሬስቶራንት ሊከፍት መሆኑ ከመድረክ ተነገረ። ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ ፓስተር ይባርካሉ፣ ምእመናን በሙሉ ተጋብዛችኋል፣ እንደ ሉዊዚያና ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ የሚበላ ክሮፊሽ አለ ተባለ። ኤልፍነሽን አየኋት። የመዝሙር ደብተሯን እያገላበጠች ነበር።

ክሮፊሹን ሊወስድ ዓርብ ከቀትር በፊት ማከፋፈያው መጣ። እኔ ሥራ ስላልነበረኝ ዓሣ ልገዛ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«እህት ኤልፍዬ!» አለ ከበሩ ጀምሮ። «የራሴ ሰው እያለ ለምን ባዳ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ስምንት ጆንያ!» ከዚያ ወደ እኔ ጠቀሰና «ሎሚ አላስነካሽብኝም አይደል?» ብሎ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ኤልፍነሽ አልተቆጣችም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ልትነግረው አስባ ነበር። ጨው እንዳያደርጉ ለገዢው ሁሉ ትናገራለች፣ ለእሱም ልትናገር ነበር። ሳቁ ነው የወሰነላት።

«ይፈትሹ» አለችው። «ሁሉም በሕይወት መሆናቸውን አይተው ይፈርሙልኝ።»

እሱም እንደ ዐዋቂ እጁን ጆንያው ውስጥ ላከ። ወዲያው ጮኸ። አንዱ ክሮፊሽ አውራ ጣቱን ነክሶ እንደ ጌጥ ተንጠልጥሏል! ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ጆዜ አላቀቀለትና የደማው ጣቱ ላይ ለወጥ ቤት ሰው የሚሆነውን ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፈለት። ዘመድኩን በዚያው ጣት ፈረመ።

ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «ለማጠቡ ያው ጨው ነው አይደል? እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ኪችን ውስጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ዛሬ ብዘፈዝፈው እስከ ነገ ይደርሳል?»

ኤልፍነሽ ሽርጧን አስተካከለች።

«እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?» አለችው። «ያኔ እንዳሉኝ ያድርጉ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ያኔም የፈጃቸው ሎሚው እንጂ ጨው ምን አደረገ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውዬው ውሸቱን ስድስት ዓመት ሲያወራው ኖሮ አምኖታል! ስንቱን ሰው ያሳቀበትን ተረት ራሱም እንደ ታሪክ ይዞታል። ኤልፍነሽ ወረቀቱን አወጣችና ሰጠችው። ሳያየው አጥፎ የሱፉ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ወደ ቤት ስንሄድ መኪናዋ ውስጥ ለመንኳት። «ኤልፊ፣ ደውዪለት። ሰው እኮ ተጠርቷል። ሚስቱ እታገኝ ምን አጠፋች?»

«ወረቀት ሰጥቼዋለሁ» አለች መሪውን እንደያዘች። «ያንብብ። እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነው።»

«ኃጢአት አይደለም?»

«ከሆነ እሁድ ንስሐ እገባለሁ። ቅዳሜን ግን ተዪልኝ።»

ቅዳሜ ስንወጣ የመኪናዋን ኋላ ከፍታ አየሁ። እርጥብ ጆንያ የተደረበባቸው ሦስት ከረጢቶች ይንኮሻኮሻሉ። «ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አልኳት። «የተጋበዘው ሰው ጾሙን አይሄድም» አለችኝ።

ፓርክዴል ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፣ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል፣ ፓስተር ባህሩ ጸሎቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል። ምግብ ግን የለም። ከኪችን የሚመጣውን ሽታ ሳሸተው ነገሩ ገባኝ። ዘመድኩን በሩን በርግዶ ወጣ፤ ሱፍ ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ። ዓይኑ ኤልፍነሽ ላይ አረፈ።

«እሷ ናት!» አለ በሰዉ ሁሉ ፊት። «የሞቱ ነው የሸጠችልኝ! ስምንቱም ጆንያ ሞቶ ነው ያደረው! ወገኔ ብዬ ብሄድ ጉድ ሠራችኝ!»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ! ያው ሰው፣ ያው ክስ። ሰዉ ወደ ኤልፍነሽ ዞረ። አንዱ ከኋላ «እህት ሎሚ» ሲል ሰማሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ እሱ ሄደች።

«አውራ ጣትህ ምን ሆነ?» አለችው።

«አንተ» አለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው። እሱም ሰማት፤ ፕላስተር የተለጠፈበትን ጣቱን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ምን ነከሰህ፣ ዘመድኩን? ለሰዉ ንገር።»

«ክሮፊሽ… ግን—»

«የሞተ ክሮፊሽ ነው የነከሰህ?»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። ዘመድኩንን ላብ አጠመቀው። ሚስቱ እታገኝ ኪችኑ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ኤልፍነሽ ድምፅዋን አላነሳችም። «ትናንት በሕይወት ተቀበልከኝ፣ ፈረምክልኝ። ቤትህ ወሰድካቸው። ታዲያ ምን አደረግሃቸው? ሎሚ አስነካሃቸው?»

«ሎሚማ በደረሰበት አላስደረስኩም!»

«ሌላስ ምን ጨመርክ?»

«ምንም! ጨው ብቻ! ውሃና ጨው ብቻ ነው ያደረግኩት!»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ስትጠብቅ ያየኋት ሰው ነኝና ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደ ወጣ ሰው በረጅሙ ተነፈሰች።

«ያኔስ ያንግ ስትሪት ላይ» አለች፣ «ጨው አድርጊ ያለኝ ማን ነበር?»

ዘመድኩን ፓስተሩን አየ። ፓስተር ባህሩ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ «ጨው» የሚለው መልሷ ያኔ ነው የገባቸው። «መልስላት እንጂ» አሉት።

«እኔ» አለ በማይሰማ ድምፅ።

«ለሰዉ!»

«እኔ ነኝ። ጨው አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ሎሚ አልነበረም። ሚስስ ትራንን የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ስንቱ ሰው ጫማውን ሲያይ አየሁ! «እህት ሎሚ» ያላት ሁሉ፣ ዶሮ የከለከላት ሁሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰውዬው እንደዚያ ሆኖ ሳየው ትንሽ እንኳ አላሳዘነኝም።

«ኤልፍነሽ፣ ይኼ ሁሉ ሰው…» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ላቅርብ?»

«መኪናዬ ውስጥ ሦስት ከረጢት አለ፤ በሕይወት። ለሰዉ ነው ያመጣሁት፣ ለአንተ አይደለም። ግን ራስህ ታጥበዋለህ።»

አጠበ። ሱፉን አውልቆ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አጠበ። ኤልፍነሽ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከላዩ ቆመች። «ቀስ፣ አትጣለው። ገልብጠው። አፍስሰው። አንድ ውሃ ደግሞ።» ውሃው ጠራ ብሎ ቀና ሲል «አንድ ደግሞ» አለችው። ሰባት ውሃ አስለወጠችው። ሰዉ በኪችኑ በር ተደራርቦ ያያል፤ የሚሳሳቅ አልነበረም። የተዝለፈለፉትን በእጁ እያስለቀመች አስጣለችው፤ ሁለት ጊዜ ተነከሰ፤ «ከጀርባው ያዘው» አለችው እንጂ አልረዳችውም።

ድስቱ ሲጣድ ዘመድኩን ቀና ብሎ እጁን አየ። እስከ ክርኑ ጭቃና የዓሣ ሽታ ነው፣ ሰማያዊው ፕላስተር ረጥቦ ወድቋል። ሸሚዙ ላይ ሊጠርግ ሲል ኤልፍነሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ሎሚ አወጣች፤ እዚያው ቢላ አንስታ ለሁለት ቆረጠችው፣ ግማሹን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እሽበት» አለችው። «ሎሚው ለእጅ ነበር።»

አሸበት። የተነከሰው ጣቱ ላይ ሲደርስ አቃጠለውና ፊቱን አጨማደደ፤ እሷም እስኪጨርስ ቆማ አየችው።